ሰዓቱ ወደ ኋላ የተመለሰ ዕለት

ሴትዮዋ ፈሪ ነበረች። ይህን የሚያወራባት ጠላት አይደለም፤ ጠላትም የላትም። ራሷ ናት የምትናገረው። ሊፍት ስለምትፈራ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ ነው የምትወጣው። የታሰረ ውሻ ስታይ «ቢፈታስ» ትላለች። ስልኳ ባልተለመደ ሰዓት ከጠራ፣ የዘመዶቿን ሁሉ ቀብር በሐሳቧ ጨርሳ ነው አንስታ «አቤት» የምትለው። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች «እትዬ ምን ይሆን» የሚል ስም አወጡላት፤ ምንም ነገር ስታይ መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው እሱ ነውና። ሰማች፣ ሳቀች፣ ተወችው።

በከተማው ታችኛው ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቷና ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። ባሏ ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሄዶ፣ ቀስ በቀስ ሌላ ኑሮም ይዞ ቀረ። እናቷ በደህናው ዘመናቸው የስልክ ማገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ማገናኘቱን አልተዉትም፤ የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። የጎረቤት ሁሉ ጉዳይ በእሳቸው በኩል ያልፋል። ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው «ኮምፒውተር ሲያጉረመርም ምን እንዳለ ትተረጉማለች» ይላሉ።

አባባላቸው ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ቀኑን ሙሉ የሚደርስባቸውን ሁሉ በአጭር በአጭር መስመር ይጽፋሉ፦ መቼ፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ሆነ። አስተዳዳሪዎቹ ሎግ ይሉታል። መስመሩ በቀን እልፍ ነው፤ ቋንቋውም እንደ ታማሚ ንግግር የተቆራረጠ ነው። የእሷ ሥራ እያንዳንዱ መልእክት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በሰው ቋንቋ መጻፍ ነበር። በየወሩ ደግሞ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላኩ አስተዳዳሪዎችን ሰብስባ ታስተምራለች።

ትምህርቷን ሁልጊዜ የምትጀምረው በአንድ ነገር ነው። በየመልእክቱ ራስ ላይ ማዕረግ አለ፦ መረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ስህተት፣ ከባድ አደጋ። አስተዳዳሪዎች ቀዩን አይተው ይደነግጣሉ፤ «መረጃ» የሚለውን እንደ ሰላምታ ይዘሉታል።

«ማዕረጉን የሰጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው» ትላቸዋለች። «ያ ሰው የእናንተን መሥሪያ ቤት አያውቀውም። ለእሱ ቀላል የሆነው ለእናንተ ምን እንደሚያመጣ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ለማንኛውም ፍሩ። ፍርሃት ነውር አይደለም።»

ይስቃሉ። እሷ ግን አትቀልድም ነበር።

ያን ቀን ሰባት ተማሪዎች ነበሯት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ማራገቢያው በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል፤ ሰሌዳው ላይ የትናንቱ የሒሳብ መምህር ቁጥሮች በደንብ ሳይጠፉ ቀርተዋል። ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ እንደ ልማዷ፣ እያንዳንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን መልእክት እንዲያሳያት ጠየቀች። የባንኩ አሳየ፤ የሆስፒታሉ አሳየ። ቀጥሎ በሩ አጠገብ የተቀመጠው የውሃ አገልግሎቱ ሰው ተራ ደረሰ። ረጅምና ጎባጣ ነው፤ ድምፁን እየዋጠ ነው የሚናገረው። ገና በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ «ውሃው» ብለውታል።

«የእኔ ትንሽ ነገር ናት» አለ ላፕቶፑን ወደ እሷ እያዞረ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አንዲት መልእክት ትደጋገማለች። መረጃ ነው የምትለው። ቦታ ስለምትይዝብኝ እንዴት እንደማጠፋት ብትነግሪኝ ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «የሲስተሙ ሰዓት ተቀይሯል፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ።» ቀጥሎ «የሲስተሙ ሰዓት ተስተካክሏል፤ አንድ ሰዓት ወደ ፊት።» ከዚያ አንድ ፕሮግራም መነሳቱን የምትናገር መስመር። እንደገና ወደ ኋላ። እንደገና ወደ ፊት። እንደገና ፕሮግራሙ ተነሳ። ጣቷን መስመሩ ላይ እየነዳች ወረደች፤ ወረደች፤ አያልቅም።

«ሰርቨራችሁ ብቻውን የቆመ ማሽን ነው ወይስ በትልቅ ማሽን ውስጥ ከሌሎች ጋር የሚኖር?»

«በትልቅ ማሽን ውስጥ ነው። ትልቁ ትናንት ማታ ታድሷል።»

«እንግዲያው ሲታደስ ሰዓቱ ተሳስቷል» አለች። «ትልቁ ማሽን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ የሚያመጣው አገልግሎት ወደ ፊት ይመልሰዋል። ሰዓቱ በሁለቱ መሀል እየተጎተተ ነው።» ተማሪዎቹ ጻፉ። እሷ ግን ዓይኗ ሦስተኛዋ መስመር ላይ ቀርቶ ነበር። «ይሄ በየመሀሉ የሚነሳው ፕሮግራም ምንድን ነው?»

«እሱ የክሎሪኑ ነው። አዲስ ሰዓት በገባ ቁጥር ይነሳል።»

«ተነስቶ ምን ያደርጋል?»

«የዚያን ሰዓት ድርሻ ወደ ውሃው ይለቃ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። ማራገቢያው ቀጭ አለ። ሰዓቱ ወደ ፊት በተመለሰ ቁጥር ፕሮግራሙ አዲስ ሰዓት የገባ ይመስለዋል፤ በመሰለው ቁጥርም የሰዓቱን ድርሻ ይለቃል። ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ፊቱ አመድ ሲመስል አየችው።

«የውሃውን ክሎሪን የሚለካ ነገር የላችሁም? ሲበዛ የሚጮህ?» አለች። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«መለኪያው ለጥገና ተነስቷል። በእጅ ነው የሚለካው፣ ፈረቃ ሲቀየር። ጠዋት የገባው ሰው ለካ አልለካ አላውቅም።»

ስልኩን አወጣ። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደወለ። ኃላፊው በሁለተኛው ሙከራ አነሳ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እየሰማ ነበር።

«ሰዓት ነው እኮ የተበላሸው!» አለ ኃላፊው። «ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ነው።»

ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። «ጌታዬ፣ አረንጓዴ የሆነው ማሽኑ የታዘዘውን ስለፈጸመ ነው። ታዘዘ፣ ለቀቀ። ችግሩ ስንት ጊዜ ታዘዘ የሚለው ነው። እባክዎ የክሎሪኑን ፓምፕ በእጅ ያስቁሙትና ውሃውን ያስለኩ።»

ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፓምፑን አስቆማለሁ። አስለክቼ እደውላለሁ። እስከዚያ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ከተማው ይታመሳል» አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የውሃ አገልግሎቱን ሰው «ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃስ? ወዴት ነው የሚሄደው?» ስትል ጠየቀችው።

«መጀመሪያ የሚደርሰው ታችኛው ሰፈር ነው» አለ።

ልቧ ስንጥቅ አለ። ታችኛው ሰፈር ቤቷ ነው። ታችኛው ሰፈር የልጇ ትምህርት ቤት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሊፍቱን ስትፈራ፣ ውሻውን ስትፈራ፣ በቧንቧ ይመጣል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ኃላፊው ያለው ከጆሮዋ ገና አልወጣም። ግን ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ጣቷ ያለ እሷ ፈቃድ ነበር የደወለው። ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሳም። ደግማ ደወለች። በሦስተኛው እናቷ አነሱ።

«ምን ሆንሽ?»

«እማዬ፣ ውሃ ጠጥተሻል?»

«የምን ውሃ?»

«የቧንቧ! ዛሬ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ!»

«ጠዋት ስቀዳ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔንም አቃጠለኝ። ደፋሁት። ምነው?»

ግድግዳውን ተደገፈች። «አትጠጪ። አሁኑኑ ትምህርት ቤት ሂጂና ልጅቷን አምጪልኝ። ክሎሪን በዝቶበታል መሰለኝ፤ ገና አልተረጋገጠም። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እማዬ። በሞቴ!»

«እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?» አሉ እናቷ።

እናቷ መጀመሪያ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር፤ ይህን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ሦስት ጎረቤት አልፈው፣ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው፣ ቀጥ ብለው ትምህርት ቤት ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ግን የልጅ ልጃቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እያስመለሰች ነበር። አጠገቧ ሌሎች አራት ልጆች ጉሮሯቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ይህን አይቶ ዝም የሚል አያት የት አለ? መምህሯን ጠርተው፣ ለተሰበሰቡት ወላጆችም እየጮኹ፣ «ውሃውን አታጠጧቸው! የሆነ ነገር ተጨምሮበታል!» አሉ።

ሐሰት አልተናገሩም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ተጨምሮበታል» ያሉት ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ «ጨምረውበታል» ሆነ። ጨምረውበታል ከተባለ ደግሞ እነማን? መንገዱን ሳይሻገር «መርዝ» የሚል ቃል ተለጠፈበት። አንዱ የማጠራቀሚያውን ዘበኛ ጠዋት ክዳን ከፍቶ ሲያጎነብስ አይቼዋለሁ አለ። እውነትም አይቶታል፤ ሰውየው በየቀኑ ጠዋት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ለማየት ያጎነብሳል። ዘበኛው ከሰው ብዙም የማይገጥም፣ ከማጠራቀሚያው ሥር ባለች የቆርቆሮ ቤት ብቻውን የሚያድር ሽማግሌ ነበር። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

የ«ውሃው» ስልክ ሲጠራ እሱና እሷ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ኃላፊው ነው። ፓምፑ ቆሟል፤ ተለክቶም ክሎሪኑ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከማጠራቀሚያው ወደ ሰፈሩ የሚሄደው መስመር ግን በእጅ ነው የሚዘጋው። ቁልፉ ዘበኛው ወገብ ላይ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ስልክ የለውም። የላካቸው ሠራተኞች ሲደርሱ ሕዝብ ከቦታል፤ ለመቅረብ ፈርተው ቆመዋል።

«ሕዝቡ ምን ብሎ ነው የከበበው?» አለች።

«መርዝ ጨመረብን ይላሉ።» «ውሃው» ቀና ብሎ አያት። «ማን ነገራቸው?»

ቀድማው ደረጃውን ወረደች።

የሄዱት በእሱ አሮጌ መኪና ነው። «ውሃው» መሪውን የሙጥኝ ብሎ «ትናንት ማታ አይቼው ነበር፤ መረጃ ስለሚል አለፍኩት» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይላል። ማጽናናት ነበረባት፤ አልቻለችም። መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ሰው የታሸገ ውሃ ሲሻማ አየች። አንዲት ሴት በባልዲ የቀዳችውን አስፋልቱ ላይ ደፍታ ባልዲውን እንደ እባብ ትሸሸዋለች። በየበሩ ሰው ቆሟል። ይህን ሁሉ ያስነሳው የእሷ አንድ ስልክ ነው።

ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርሱ ጩኸቱ ከመኪናው ውስጥ ይሰማል። የቆርቆሮዋ ቤት በድንጋይ ተቀጥቅጣ አንድ ጎኗ ጎድጉዷል። በሩ ላይ፣ ጀርባቸውን አስጠግተው፣ የእጅ ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ይዘው የቆሙት እናቷ ነበሩ። ልጅቷን ከመምህሯ ጋር ክሊኒክ ልከው፣ ወሬው የት እንደደረሰ ሲሰሙ ሮጠው መጥተዋል።

«መጀመሪያ እኔን!» ይላሉ እናቷ። ድምፃቸው ጎርንኗል። «መርዝ አላልኩም! ማንም ጨመረ አላልኩም!»

«እርስዎ ነዎት ያሉት፣ እማማ! አሁን ምን ያስክድዎታል?» ይላል አንድ ጎረምሳ፣ ድንጋዩን በእጁ እያመዛዘነ።

«ውሃው» የመኪናውን ጥሩምባ ተጫነና እጁን ሳያነሳ ቆየ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከመኪናው ወረደች። ስትወርድ ምን እንደምትል አላሰበችም ነበር፤ ያሰበችው ድንጋዩ የት ቢመታት እንደሚብስ ነው።

«እኔ ነኝ የደወልኩት» አለች። የሰማት የለም። «እኔ ነኝ የደወልኩት! ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ!»

«አንቺስ ማን ነገረሽ?»

«ኮምፒውተሩ።»

አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ከቁጣው ይልቅ ያስፈራ ነበር። በክፍል ውስጥ እንደምታደርገው ማስረዳት ጀመረች።

«ማንም መርዝ አልጨመረም። የጨመረው ማሽን ነው፤ የጨመረውም በየቀኑ የምንጠጣውን የውሃ ማጣሪያ ክሎሪን ነው። በዛ። ለታማሚ በየሰዓቱ አንድ ኪኒን ስጪ የተባለች ነርስ አስቡ። አንድ ሰው እየመጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ወደ ኋላ ያዞርባታል፤ ሌላው መጥቶ ይመልስላታል። እሷ ሰዓቱን ባየች ቁጥር ጊዜው ደረሰ ብላ ታጎርሰዋለች። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ስታጎርስ አደረች። ይኸው ነው የሆነው።»

«ሰዓት ሰው ይመርዛል እንዴ?» አለ ባለ ድንጋዩ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ግን ወደ ፊት ወጣ ብላ «ልጄ ጠጥቷል። ይሞትብኛል?» ስትል ጠየቀቻት።

ይህችኛዋ ጥያቄ ከድንጋዩ ባሰችባት። የሴትዮዋን ዓይን እያየች «አላውቅም» አለች። «የእኔም ልጅ ጠጥታለች። ክሊኒክ ውሰጂው፣ አሁኑኑ። እዚህ በቆምን ቁጥር ግን ውሃው ወደ ሰፈር እየወረደ ነው። የሚዘጋው በእጅ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ያሉት አባት ጋ ነው። አሳልፏቸው።»

ከዚያ እናቷ ዞረው በሩን ቀስ ብለው አንኳኩ። «ወንድም ጋሼ፣ ይውጡ። እኔ አለሁ።»

ሽማግሌው ወጣ። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ቅንድቡ ላይ ረግቷል። በእናትና በልጅ መሀል ሆኖ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ ወደ መዝጊያው ሄደ። ቁልፉን አስገብቶ መዘወሪያውን ታገለው፤ ዝጎ ነበርና አልዞር አለ። «ውሃው» አገዘው። አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ጎረምሳው ድንጋዩን ጥሎ መጣ፤ ለሦስት ገፉት። ሲዘጋ ከመሬቱ ሥር የነበረው ጉርምርምታ ጸጥ አለ። ሰውም አንድ በአንድ ሄደ። ሁሉም አላመነም፤ እስከዛሬ «የሆነ ነገር ነበረበት» የሚሉ አሉ።

የሞተ ሰው አልነበረም። በርካታ ልጆች ታመው ነበር፤ ልጇም ጉሮሮዋ ቆስሎ ለቀናት ቀዝቃዛ ወተት ብቻ ነበር የሚወርድላት። በእነዚያ ቀናት ሴትዮዋ ልጅቷ በተኛችበት ትንፋሿን ስታዳምጥ ነው የነጋላት። ውሃ አገልግሎቱ የሰዓቱን ጉዳይ አስተካከለ፤ መለኪያውንም መለሰ። ኃላፊው ግን «ምስጢር አውጥታ ሕዝብ አሸበረች» ብሎ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ከሰሳት። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። «ውሃው» መጥቶ መስክሮላት ነው ከዚያ በላይ ያልሆነው። እናቷ ለአንድ ወር ያህል የጎረቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ይህ በሰፈሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ዘበኛው ወደ ሥራው አልተመለሰም። የእህቱ ልጅ ቤት ገባ ተባለ። ሴትዮዋ ለመሄድ ብዙ ሳምንት ፈራች፤ በመጨረሻ አንድ እሑድ ሄደች። በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ግንባሩ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎታል። ማን እንደሆነች ነገረችው።

«አውቄሻለሁ» አለ። «የደወልሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። ለእናቴ ብቻ ነበር…»

«ለእናትሽ ደወልሽ። ደግ አደረግሽ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «እኔ ያን ቀን ጠዋት ከዚያው ውሃ ጠጥቻለሁ። ደሙንም ያጠብኩት በእሱ ነው፤ ሲያቃጥለኝ ከቁስሉ መስሎኝ ነበር። ከሁሉም ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ለመንገር ያሰበ አንድ ሰው ነበር?»

ያሰበው አልነበረም፤ እሷም፣ «ውሃው»ም፣ ኃላፊውም።

ሽማግሌው «እስኪ ሰዓቱ ምን እንደሆነ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው፤ ወደ ኋላውን፣ ወደ ፊቱን፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንደተታለለ። አላቋረጣትም።

«አሁን ተስተካክሏል?»

«ተስተካክሏል ብለውኛል።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

ራሱን ነቀነቀ። የእህቱ ልጅ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣችና ሴትዮዋ ፊት አስቀመጠችው። ጥርት ያለ ውሃ ነው። አፍንጫዋን ሳታውቀው አስጠጋች፤ ሽታ ያለውም የሌለውም መሰላት። ሽማግሌው ያያታል። ብርጭቆውን አነሳች፤ ጠርዙ ጥርሷን መታ፤ ጠጣችው።